አንድ ረድፍ የማን ነው? ተደራራቢ የጥናት መረጃን ዘርዝሮ ስለ ማጥራት

ተደራራቢ መረጃ የሚባለው አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገኝ መረጃ ነው። በቀበሌ ውስጥ ቤቶች አሉ፤ በቤት ውስጥ ሰዎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ ልደት፣ ሕመም፣ ክትባት፣ ከቦታ ቦታ መዘዋወር ይመዘገባል። በቡና ማሳ ውስጥ ዛፎች አሉ፤ በዛፉ ላይ ቅርንጫፍ፣ በቅርንጫፉ ላይ ፍሬ አለ፤ ፍሬውም በየዓመቱ ይለቀማል። የኤክሴል ሰንጠረዥ ግን ረድፍና ዓምድ እንጂ ጥልቀት የለውም። ተመራማሪው ደረጃ በደረጃ የሰበሰበውን ነገር በዚህ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ሲያሰፍር ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ የትኛው ፍሬ ከየትኛው ዛፍ እንደተለቀመ የሚያሳየው ዝምድና እንዳይጠፋ መጠበቅ አለበት። መረጃን መዘርዘርና ማጥራት የሚባለው ሥራ ይኸው ነው።

ጅማና በዙሪያዋ ያሉት የቡና ከተሞች እንዲህ ያለ መረጃ በብዛት ከሚሰበሰብባቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች መካከል ናቸው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ከጅማ እርሻ ኮሌጅና ከጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ውሕደት ሲመሠረት ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መርሁ አድርጎ ስለያዘ፣ ተማሪዎቹ መጠይቅ ይዘው በከተማዋ ቀበሌዎች ቤት ለቤት ይዞራሉ። በቾ ቦሬ ከነዚህ የጅማ ቀበሌዎች አንዱ ነው። ከከተማዋ ወጣ ሲባል የጊልጌል ጊቤ የመስክ ምርምር ማዕከል አለ። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ ሲጀምር በጊልጌል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ዙሪያ ባሉት በኦሞ ናዳ፣ በቀርሳ፣ በሰኮሩና በጢሮ አፈታ ወረዳዎች ስምንት የገጠርና ሁለት የከተማ ቀበሌዎችን ይዞ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን መከታተል ጀመረ። በዚያው ዓመት ገደማ የተጀመረው የጅማ ቤተሰቦችና ወጣቶች የረጅም ጊዜ ጥናትም መጀመሪያ ቤተሰቡን፣ ቀጥሎ በቤተሰቡ ውስጥ ያለውን ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆነ ወጣት፣ ከዚያም ያንኑ ወጣት በተከታታይ ዙሮች እየጠየቀ ሄዷል። መልኮ ላይ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ የቡና ዝርያን በመደብ፣ በዛፍና በዓመት ሲመዘግብ አሥርተ ዓመታት አልፈውታል። ርእሰ ጉዳያቸው የተለያየ ነው፤ መረጃቸው ግን በሙሉ ተደራራቢ ነው።

ለማስረዳት ያህል በበቾ ቦሬ የሚሞላ አንድ መጠይቅ ይታሰብ። የመጀመሪያው ገጽ ስለ ቤቱ ይጠይቃል፦ የቤት ቁጥር፣ የመጠጥ ውኃ ምንጭ፣ የወር ገቢ። ሁለተኛው ገጽ በቤቱ ስላሉት ልጆች እያንዳንዱን በተራ ይጠይቃል፦ ጾታ፣ የልደት ቀን፣ የተከተበው ክትባት። ሦስተኛው ገጽ ቤተሰቡ ስላሉት ከብቶች ነው። ወረቀቱ ላይ ይህ ሁሉ ግልጽ ነው፤ የሚያደናግር ነገር የለም። መደናገሩ የሚመጣው መረጃ አስገቢው ኤክሴል ከፍቶ የመጀመሪያውን ቤት በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ጽፎ ልጆቹ ላይ ሲደርስ ነው። ሦስት ልጆች አሉ፤ ረድፉ ግን አንድ ነው።

በዚህ ጊዜ በብዛት ሁለት መንገዶች ይመረጣሉ። አንደኛው ሁሉንም በአንድ ሴል ውስጥ መጠቅጠቅ ነው፤ «ልጆች» በሚለው ዓምድ ሥር «ወ 7፣ ሴ 4፣ ሴ 1» ብሎ መጻፍ። ለዓይን ያመቻል፤ ሰው ያነበዋል፤ ኮምፒውተሩ ግን አንድ የተያያዘ ጽሑፍ እንጂ ሦስት ልጆችን አያይም። ከአምስት ዓመት በታች ያሉት ስንት እንደሆኑ ቢጠየቅ መልስ የለውም። ሁለተኛው መንገድ ዓምዶችን በቁጥር ማባዛት ነው፤ «ልጅ1_ጾታ»፣ «ልጅ1_ዕድሜ»፣ «ልጅ2_ጾታ»፣ «ልጅ2_ዕድሜ» እያሉ ወደ ቀኝ መሄድ። ይህ ከመጀመሪያው ይሻላል፤ በውስጡ ያለው ነገር ቢያንስ ተለያይቷል። ሆኖም ስምንት ልጆች ያሉት አንድ ቤት ሲመጣ ሰንጠረዡ ለሁሉም ቤት በስምንት ልጅ ልክ ይሰፋል፤ አብዛኛውም ሴል ባዶ ይቀራል።

የባዶው ሴል ጉዳት ቦታ ማባከኑ ብቻ አይደለም። ባዶነቱ ልጁ ስለሌለ ይሁን፣ ዕድሜው ስላልታወቀ ይሁን፣ ወይስ መረጃ ሰብሳቢው ዘሎት ይሁን አይታወቅም። ሦስቱ ፍጹም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በትንተና ላይም የተለያየ ውጤት ይሰጣሉ።

የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይህን ጉዳይ የፈታበት መንገድ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 ሲካሄድ ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችን ስለወለዷቸው ልጆች ሁሉ በተራ ጠይቋል። መረጃው ለተመራማሪዎች ሲሰጥ በሁለት መልክ ነው። በሴቶች ፋይል ውስጥ አንድ ረድፍ አንዲት ሴት ናት፤ ልደቶቿም እስከ ሃያ ድረስ በቁጥር በተለዩ ዓምዶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። በልደቶች ፋይል ውስጥ ደግሞ አንድ ረድፍ አንድ ልደት ነው፤ የእናቲቱ መረጃ በእያንዳንዱ ልደት አጠገብ ይደገማል። ሴቶች በአማካይ ስንት ልጅ ወለዱ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የመጀመሪያውን ይከፍታል። ከተወለዱት ሕፃናት ስንቱ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱ ብሎ የሚጠይቅ ሁለተኛውን ይከፍታል። መረጃው አንድ ሆኖ ሳለ ጥያቄው ሲለወጥ የረድፉ ባለቤት ይለወጣል።

ከዚህ የተነሣ ማንኛውም ሰንጠረዥ ከመከፈቱ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፦ አንድ ረድፍ የማን ነው? የቤት ነው? የልጅ ነው? የአንድ ጉብኝት ነው? ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ ያልቻለ ተመራማሪ ስለ ፎርሙላ መጨነቅ የለበትም፤ ገና ነው። ኤድጋር ኮድ የተባለው የአይቢኤም ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ፣ በሰንጠረዥ ሴል ውስጥ ሌላ ሰንጠረዥ መቀመጥ እንደሌለበትና የታቀፈው ወጥቶ በመለያ ቁጥር መያያዝ እንዳለበት አሳይቷል። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ሃድሊ ዊክሃም እ.ኤ.አ. በ2014 ይህንኑ ለተንታኞች በሚገባ ቋንቋ ሦስት ደንብ አድርጎ አቀረበው፦ እያንዳንዱ ተለዋዋጭ የራሱ ዓምድ ይኑረው፤ እያንዳንዱ ምልከታ የራሱ ረድፍ ይኑረው፤ እያንዳንዱ የምልከታ ዓይነት የራሱ ሰንጠረዥ ይኑረው። በተግባር በብዛት የሚጣሰው ሦስተኛው ነው፤ ጉዳቱም የከፋው የእሱ ነው።

የበቾ ቦሬው መጠይቅ በዚህ ደንብ ሲደራጅ ሦስት ሰንጠረዥ ይወጣዋል፤ የቤቶች፣ የልጆችና የከብቶች። በቤቶች ሰንጠረዥ እያንዳንዱ ቤት አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል። በልጆች ሰንጠረዥ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ረድፍ አለው፤ ከፊቱም የቤቱ መለያ ቁጥርና በቤቱ ውስጥ የልጁ ተራ ቁጥር ይቆማሉ። የቤት ቁጥር ብቻውን መለያ አይሆንም፤ በቾ ቦሬ ያለ 127 ቁጥር ቤት በሌላ ቀበሌም ሊኖር ይችላል። ስለዚህ መለያው ከቀበሌ ኮድ፣ ከቤት ቁጥርና ከልጅ ተራ ቁጥር ተያይዞ ይሠራል፤ «04-0127-03» እንደ ማለት። ይህ ዓምድ ከመጀመሪያው በጽሑፍነት መቀመጥ አለበት። ኤክሴል ቁጥር ነው ብሎ ካሰበ «04»ን «4» ያደርገዋል፤ በ047 የሚጀምረው የጅማ የመስመር ስልክም መነሻ ዜሮው ይጠፋል።

የተጠቀጠቀውን ሴል ለመዘርዘር ኤክሴል ውስጥ «ዳታ» በሚለው ክፍል የሚገኘው ፓወር ኩዌሪ የሚመች መሣሪያ ነው። ዓምዱ ተመርጦ በመለያ ምልክት እንዲከፈል ሲታዘዝ፣ ክፍሎቹ ወደ ዓምድ ሳይሆን ወደ ረድፍ እንዲወርዱ ማድረግ ይቻላል፤ ይህ ምርጫ በዝርዝር አማራጮቹ ሥር ተደብቆ ስለሚቀመጥ ብዙዎች አያዩትም። የመለያ ምልክቱ «፣» ሊሆን ይችላል፤ ፕሮግራሙ የኢትዮጵያን ነጠላ ሰረዝ እንደ ማንኛውም ምልክት ይቀበላል። ነገር ግን አንዱ መረጃ አስገቢ «፣»፣ ሌላው «፤»፣ ሦስተኛው የላቲኑን ኮማ ስለሚጠቀም ከመክፈሉ በፊት ሁሉንም ወደ አንድ ምልክት መለወጥ ግድ ነው። ይህ ካልተደረገ ሁለት ልጆች በአንድ ረድፍ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ቆጠራውም ሳይታወቅ ያንሳል።

በቁጥር የተባዙት ዓምዶች ሌላ አካሄድ ይፈልጋሉ። የቤቱ መለያ ብቻ ተመርጦ የቀሩት ዓምዶች በሙሉ «አንፒቮት» እንዲደረጉ ይታዘዛል። በዚህ ጊዜ «ልጅ1_ጾታ»፣ «ልጅ2_ዕድሜ» የሚሉት የዓምድ ራስጌዎች ወርደው በአንድ ዓምድ ውስጥ ይሰለፋሉ፤ ዋጋቸውም ከጎናቸው ይቆማል። ይህ ዓምድ በ«_» ምልክት ሲከፈል በአንድ በኩል «ልጅ1»፣ በሌላው በኩል «ጾታ» ይለያያሉ። በመጨረሻም «ጾታ» እና «ዕድሜ» ተመልሰው ወደ ዓምድነት ሲነሡ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ረድፍ ይገኛል። ሥራው በሙሉ የሚሳካው ራስጌዎቹ በአንድ ሥርዓት ከተጻፉ ብቻ ነው። «ልጅ1_ጾታ» ካለ በኋላ «የ2ኛ ልጅ ፆታ» የሚል ከመጣ መሣሪያው ሁለት የተለያዩ ነገሮች አድርጎ ያያቸዋል። ለዚህ ነው የመዘርዘር ሥራ መጠይቁ ሲነደፍ እንጂ መረጃው ከገባ በኋላ መታሰብ የሌለበት።

አንፒቮት ባዶ ሴሎችን ይጥላል። ይህ ሰንጠረዡን ያቀልለታል፤ ግን ልጅ የሌለው ቤት ሁሉም ሴሎቹ ባዶ ስለሆኑ ከልጆች ሰንጠረዥ ፈጽሞ ይጠፋል። ለልጆች ሰንጠረዥ ይህ ትክክል ነው፤ በዚያ ቤት ልጅ የለምና። ስሕተቱ የሚመጣው በኋላ አንድ ሰው በዚህ ሰንጠረዥ ላይ ተመሥርቶ በቤት በአማካይ ስንት ልጅ እንዳለ ሲያሰላ ነው። ዜሮ የነበሩት ቤቶች ስላልተቆጠሩ አማካዩ ከእውነቱ በላይ ይወጣል። ስሌቱ ከቤቶች ሰንጠረዥ ተነሥቶ፣ ልጅ ቢኖርም ባይኖርም ቤቱን ሁሉ ይዞ መቆየት አለበት። ሁለት ሰንጠረዦች ሲጣመሩም የግራው ሰንጠረዥ ረድፎች ሁሉ እንዲቀሩ የሚያደርገው የማጣመር ዓይነት መመረጥ ያለበት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ስሕተት ግን የተዘረዘረውን መልሶ በማጣመር ጊዜ የሚፈጠረው መደገም ነው። ሦስት ቤቶች ይታሰቡ። የመጀመሪያው ስምንት ሰዎችና የ3,000 ብር የወር ገቢ አለው፤ ሁለተኛው አራት ሰዎችና 6,000 ብር፤ ሦስተኛው ሁለት ሰዎችና 12,000 ብር። የቤቶቹ አማካይ ገቢ 7,000 ብር ነው። አሁን ሰዎቹ ተዘርዝረው የቤቱ ገቢ በእያንዳንዱ ሰው አጠገብ ይጻፍ። ረድፎቹ 14 ይሆናሉ፤ የገቢው ዓምድ ሲደመር 72,000 ይመጣል፤ አማካዩም ወደ 5,143 ይወርዳል። የቤቶቹ እውነተኛ ድምር 21,000 ነበር። ማንም ቁጥር አልተሳሳተም፤ ማንም ፎርሙላ አልተበላሸም፤ የረድፉ ባለቤት ከቤት ወደ ሰው መለወጡ ብቻ ነው ውጤቱን ያዛባው። ኤክሴል በዚህ ላይ ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። የቤት የሆነ ነገር በቤቶች ሰንጠረዥ፣ የሰው የሆነ በሰዎች ሰንጠረዥ መሰላት አለበት፤ መጣመር ካለባቸውም የተጣመረው ቅጂ ለዚያ አንድ ትንተና ብቻ መዋል አለበት።

ልጆቹና ከብቶቹ በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ሲዘረዘሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ሦስት ልጆችና አራት ከብቶች ባሉት ቤት ሁለቱም ዝርዝሮች በቤት መለያ ቢጣመሩ እያንዳንዱ ልጅ ከእያንዳንዱ ከብት ጋር ይጋጠምና 12 ረድፍ ይወጣል። ልጆቹና ከብቶቹ ግን እርስ በርስ ዝምድና የላቸውም፤ የሚያገናኛቸው ቤቱ ብቻ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ዝርዝሮች በፍጹም በቀጥታ መጣመር የለባቸውም።

ይህ አስተሳሰብ በትልልቅ አገር አቀፍ ጥናቶችም የተለመደ ነው። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ የአሁኑ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ ከዓለም ባንክ ጋር እ.ኤ.አ. ከ2011/12 ጀምሮ በየዙሩ ያካሄደው የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት መረጃ በአንድ ፋይል አይመጣም። ቤተሰቡ አንድ ፋይል ነው፤ የቤተሰቡ አባል ሌላ ነው፤ ይዞታው፣ በይዞታው ውስጥ ያለው ማሳ፣ በማሳው ላይ የተዘራው ሰብል እያንዳንዳቸው ለየብቻ ተቀምጠዋል። በጅማ አካባቢ ይህ አደረጃጀት ጥቅሙ ጎልቶ ይታያል፤ በአንድ ጓሮ ቡናው ከእንሰት፣ ከፍራፍሬና ከጥላ ዛፍ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚበቅል ማሳውን አንድ ሰብል፣ ሰብሉን አንድ ማሳ አድርጎ መቁጠር አይቻልም።

የቡና ምርምርም የራሱ የተጠቀጠቁ መረጃዎች አሉት። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ከታየ በኋላ በሽታውን የሚቋቋሙ እናት ዛፎች ተፈልገው ከተለዩት ዝርያዎች መካከል 741፣ 74110፣ 74112 እና 75227 ይገኙበታል። ከነዚህ ስሞች የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዛፉ የተመረጠበትን የአውሮፓውያን ዓመት፣ የቀሩት የእናት ዛፉን ቁጥር ያመለክታሉ። በአንድ ሴል ውስጥ ሁለት መረጃ አለ ማለት ነው። ዓመቱን ለትንተና የሚፈልግ ሰው ከግራ ሁለት አኃዝ ቆርጦ በራሱ ዓምድ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ሙሉው ስም ግን ሳይነካ በጽሑፍነት መቆየት አለበት። በቁጥርነት ከተቀመጠ ሰንጠረዡ 74110ን ከ75227 ጋር ደምሮ አማካይ ያወጣል፤ ያ አማካይ ምንም ትርጉም የለውም።

በሙከራ መደብ ላይ ምርት የሚመዘገበው ብዙ ጊዜ ዓመታቱን ዓምድ በማድረግ ነው፤ 2010፣ 2011፣ 2012 እያሉ። ዓመት ግን ተለዋዋጭ እንጂ የዓምድ ስም መሆን የለበትም። ቡና አንድ ዓመት ብዙ አፍርቶ በቀጣዩ የሚያንስ ተክል ስለሆነ የዓመቱ ውጤት ከዝርያው ውጤት ተለይቶ መታየት አለበት፤ ይህም የሚቻለው ዝርያ፣ መደብ፣ ዛፍ፣ ዓመትና ምርት አምስት ዓምዶች ሲሆኑ ነው። መለኪያውም የራሱን ዓምድ ይፈልጋል። የቡና ነጋዴው በፈረሱላ ይናገራል፤ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም ነው። ተመራማሪው በኪሎ፣ ሌላው በኩንታል ይጽፋል። እሸቱና ጀንፈሉም አንድ ዓይነት ክብደት አይደሉም፤ ፍሬው ሲደርቅ ክብደቱ እጅግ ይቀንሳልና። «12 ፈረሱላ እሸት» ብሎ በአንድ ሴል መጻፍ ሦስት ነገር መጠቅጠቅ ነው።

የበሽታ ቆጠራ ላይ ደግሞ መቶኛን ብቻ መዝግቦ ጥሬ ቁጥሩን መተው የተለመደ ጥፋት ነው። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ካሉት አራት ፍሬዎች ሁለቱ ቢታመሙ 50 በመቶ ነው፤ በሌላው ካሉት 100 ፍሬዎች አሥሩ ቢታመሙ 10 በመቶ ነው። የሁለቱ መቶኛ አማካይ 30 ይሆናል፤ ፍሬዎቹ በአንድነት ሲቆጠሩ ግን ከ104 የታመሙት 12 ብቻ ናቸው፤ 11.5 በመቶ። የታመመውና ጤነኛው ፍሬ በየዓምዱ ከተመዘገበ መቶኛውን በኋላ በፈለጉት ደረጃ ማስላት ይቻላል፤ መቶኛው ብቻ ከተያዘ ግን ወደ ኋላ መመለሻ የለም።

ቀን ለኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከሁሉ የሚያስቸግር ዓምድ ነው፤ ኤክሴል የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር አያውቅምና። መረጃ ሰብሳቢው የልደት ቀንን በአገሩ አቆጣጠር ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብሎ ይጽፋል። ወር ቀድሞ በሚነበብበት የአሜሪካ አቀማመጥ የተዘጋጀ ኮምፒውተር የካቲት 5 ቀን 2015 ለማለት የገባውን «5/6/2015» ሜይ 6 ቀን 2015 ብሎ ይቀበለዋል፤ እውነተኛው ቀን እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2023 ነው። ጥቅምት 30ን የሚያመለክተው «30/2/2015» ደግሞ ሠላሳኛ ወር ስለሌለ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ጳጉሜን 3፣ «3/13/2015»፣ ማርች 13 ሆኖ ያለ ምንም ተቃውሞ ይገባል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ገሚሱ ቀን፣ ገሚሱ ጽሑፍ ይሆናል፤ ቀን የሆነውም ሐሰተኛ ነው። ከዚህ ዓምድ የሕፃናት ዕድሜ በወር ቢሰላ የክትባት ሽፋኑ በሙሉ ይዛባል። መፍትሔው ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የቁጥር ዓምዶች ለያይቶ ማስገባት፣ አቆጣጠሩን በአራተኛ ዓምድ ማመልከት፣ ከዚያም በአንድ የታወቀ ስሌት ወደ አውሮፓውያኑ ለውጦ በአዲስ ዓምድ ማስቀመጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓምዶች መቼም መሰረዝ የለባቸውም።

ፊደልም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በአማርኛ ንባብ አንድ ድምፅ ቢሰጡም በዩኒኮድ ውስጥ እያንዳንዳቸው የተለያየ ቁጥር አላቸው። ስለዚህ «ጾታ» እና «ፆታ» ለኮምፒውተሩ ሁለት ነገር ናቸው። በጅማ የቦታ ስሞች በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ስለሚጻፉ ልዩነቱ ይበዛል፤ ራሱ በቾ ቦሬ «ቦቾ ቦሬ» ተብሎም ይጻፋል። በስም ከማጣመር ይልቅ በኮድ ማጣመር የሚሻለው ለዚህ ነው። አንድ የቀበሌ ኮድ፣ ከፊቱ የታወቁት አጻጻፎች ሁሉ፤ ይህ ትንሽ ሰንጠረዥ ብዙ ቀን የሚፈጅ ማጥራትን ያስቀራል። ፋይሉ በተራ የሲኤስቪ ዓይነት ሲቀመጥ የግእዝ ፊደላቱ በሙሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣሉ፤ ተመልሰውም አይገኙም። በዩቲኤፍ-8 የሚቀመጠው የሲኤስቪ ዓይነት መመረጥ አለበት።

ዛሬ ብዙ ጥናቶች በወረቀት ፋንታ በስልክ ላይ በሚሠሩት በኦዲኬ ወይም በኮቦ ቱልቦክስ ፕሮግራሞች ይሰበሰባሉ። እነዚህ ተደጋጋሚ ጥያቄዎችን ከመነሻው ለይተው ይይዛሉ። ከኮቦ ወደ ኤክሴል ሲወጣ የቤቶቹ መረጃ በአንድ ገጽ፣ የልጆቹ በሌላ ገጽ ይመጣል፤ በልጆቹ ገጽ ላይም እያንዳንዱ ልጅ የየትኛው ቤት እንደሆነ የሚያመለክት የወላጅ ረድፍ ቁጥር አለ። ይህ ቁጥር ግን በዚያ ጊዜ በወጣው ፋይል ውስጥ ያለ ተራ ቁጥር ብቻ ነው። አንድ መጠይቅ ተሰርዞ ፋይሉ እንደገና ቢወጣ ተራው ይቀየራል፤ የትናንቱን የልጆች ገጽ ከዛሬው የቤቶች ገጽ ጋር ያጣመረ ሰው ልጆችን ለሌላ ቤት ይሰጣል። ለማጣመር የማይለወጠውን የመጠይቅ መለያ መጠቀም ይገባል። ከኮቦ በሲኤስቪ ከወጣ ደግሞ ተደጋጋሚው ክፍል አብሮ አይመጣም።

ሁሉም ዝርዝር ወደ ረድፍ መውረድ አለበት ማለትም አይደለም። ቤቱ የሚጠቀምባቸው የውኃ ምንጮች ከተወሰኑ አምስት ስድስት ምርጫዎች መካከል ከሆኑና ስለ እያንዳንዱ ሌላ ጥያቄ ካልተጠየቀ፣ ለእያንዳንዱ ምንጭ አንድ ዓምድ ከፍቶ 1 ወይም 0 መጻፍ ይበቃል። ረድፍ የሚገባው የራሱ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ክብደት ወይም ቀን ላለው ነገር ነው።

መረጃ ሲዘረዘር ረድፉ ይበዛል፤ ፋይሉም ወሰን አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 መገባደጃ የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና ተቋም በአሮጌው የኤክሴል ዓይነት ይሠራ ስለነበር 15,841 የኮሮና ታማሚዎች ዕለታዊው ቆጠራ ውስጥ ሳይገቡ ቀሩ፤ የቅርብ ንክኪዎቻቸውን መፈለጉም ዘገየ። አሮጌው ዓይነት 65,536 ረድፍ ብቻ ይይዛል፤ አንድ የምርመራ ውጤት ብዙ ረድፍ ይወስድ ስለነበርም ፋይሉ ከተጠበቀው ቀድሞ ሞላ። አዲሱ ዓይነት 1,048,576 ረድፍ ይይዛል። ለአንድ ቀበሌ ጥናት ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ለዓመታት የሚዘልቅ የሥነ ሕዝብ ክትትል ግን ከኤክሴል ወጥቶ ወደ መረጃ ቋት መግባት አለበት።

ከመዘርዘሩ በፊትና በኋላ የሚደረግ ቁጥጥር አጭር ነው፤ መዘለል ግን የለበትም። በቤቶች ሰንጠረዥ «የልጆች ብዛት» የሚለው ዓምድ ድምር በልጆች ሰንጠረዥ ካሉት ረድፎች ቁጥር ጋር እኩል መሆን አለበት። የልጆች መለያ ሁለት ጊዜ የተጻፈ እንዳይኖር መታየት አለበት። በልጆች ሰንጠረዥ ያለ የቤት መለያ ሁሉ በቤቶች ሰንጠረዥ ውስጥ መገኘት አለበት፤ ያልተገኘ ልጅ ካለ ወላጅ የሌለው ረድፍ ነው፤ ከመጠይቁ ጋር ተመሳክሮ መታረም አለበት። እርማቱ ሁሉ በጥሬው ፋይል ላይ ሳይሆን በቅጂው ላይ ይደረጋል። በፓወር ኩዌሪ ሲሠራ እያንዳንዱ እርምጃ በተራ ተመዝግቦ ስለሚቀመጥ በኋላ የመጣ ሰው ምን እንደተደረገ ማየት ይችላል፤ በእጅ እየቆረጡ በመለጠፍ የተሠራ ማጥራት ግን ዱካ የለውም።

በቢጫ ቀለም የተቀባ ሴል፣ የተዋሐዱ ራስጌዎች፣ የቀበሌ ስም በመጀመሪያው ረድፍ ብቻ ተጽፎ ከሥሩ ባዶ መተው ለማተሚያ እንጂ ለመረጃ አይሆኑም። ቀለሙ ትርጉም ካለው «አጠራጣሪ» የሚል ዓምድ ይከፈትለት፤ ባዶው ሴል ከላዩ ባለው ስም ይሞላ።

የተዘረዘረ መረጃ ከተጠቀጠቀው ይልቅ ሰውን በቀላሉ ያጋልጣል። ቀበሌው፣ የቤት ቁጥሩ፣ የልጁ ልደት ቀንና የእናቲቱ ስልክ በአንድ ረድፍ ከተሰለፉ ስም ባይኖርም ቤቱ ይታወቃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሕግም ሆኗል። ስም፣ ስልክና የቤት ቁጥር በተለየ ሰንጠረዥ፣ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ከጥናቱ መረጃ ጋር የሚያገናኘው ትርጉም የሌለው መለያ ቁጥር ብቻ ይሆናል። ለምሳሌ የቀረበው «04-0127-03» ዓይነት መለያ የቀበሌውንና የቤቱን ቁጥር በውስጡ ስለሚይዝ ለመስክ ሥራ እንጂ ለሚጋራ ፋይል አይሆንም፤ ፋይሉ ከጥናት ቡድኑ እጅ ከመውጣቱ በፊት በዕጣ በወጣ ቁጥር ይተካል። አዲሱ ቁጥር በሦስቱም ሰንጠረዦች በአንድ ጊዜ መተካት አለበት፤ በቤቶቹ ተተክቶ በልጆቹ ካልተተካ የልጅና የቤት ዝምድና እዚያው ላይ ይበጠሳል።